በመስኮት የገባ ደብዳቤ

ልጄ፣ የላክህልኝን ረጅም መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። በማኅበራችሁ ሊቀመንበሩን ለማውረድ ፊርማ እየተሰበሰበ ነው። ሊቀመንበሩ እጅህን ይዞ ማኅበሩ ውስጥ ያስገባህ ሰው ነው። ፊርማ ሰብሳቢዎቹ ደግሞ ከወረቀቱ አናት ላይ ያንተ ስም እንዲሰፍር ይፈልጋሉ። ይህን ሁሉ ዘርዝረህ ስታበቃ፣ መጨረሻ ላይ «ጋሼ፣ የኔ ስም ካለበት ማንም አይጠራጠርም አሉኝ» ያልከኝ ነው የከነከነኝ።

ሊቀመንበራችሁ ያጥፋ አያጥፋ አላውቅም፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና እሱን ሳልሰማ አልፈርድበትም። ላንተ ግን የምለው አለኝ። ስብከት እንደማትወድ ስለማውቅ፣ ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ይሉ የለ፣ አንድ የቆየ ተውኔት ላጫውትህ። የሼክስፒር «ጁሊየስ ቄሣር» ነው። ተማሪ ሳለህ ለፈተና ብለህ አገላብጠኸው ይሆናል፤ ለፈተና የተገላበጠውን እንዳነበብከው አልቆጥርልህም።

ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1599 ለንደን ውስጥ ታይቷል። ቶማስ ፕላተር የተባለ የስዊዝ አገር ሰው በዚያ ዓመት የቴምስን ወንዝ ተሻግሮ በአንድ ሣር ክዳን ቲያትር ቤት እንዳየው ጽፎ አቆይቶልናል፤ ያ ሁሉ ደም ከፈሰሰ በኋላ ተዋንያኑ ወጥተው አሳምረው እንደጨፈሩም ሳይጠቅስ አላለፈም። ታሪኩን ሼክስፒር ከሆዱ አላወጣውም። ግሪካዊው ፕሉታርክ የጻፈውን የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ቶማስ ኖርዝ እ.ኤ.አ. በ1579 ወደ እንግሊዝኛ መልሶት ነበርና የቀዳው ከዚያ ነው። በእኛው አህጉር ደግሞ ጁሊየስ ኔሬሬ፣ ያኔ ታንጋኒካ ትባል የነበረችውን አገር በፕሬዚዳንትነት እየመሩ፣ ይህንኑ ተውኔት ወደ ስዋሂሊ መልሰው እ.ኤ.አ. በ1963 አሳትመውታል። የአገር መሪ ሆኖ፣ ስሙም ጁሊየስ ሆኖ፣ ጁሊየስ የሚባል መሪ በወዳጆቹ ጩቤ ሲወድቅ የሚያሳይ ድርሰት ቁጭ ብሎ መተርጎም እንዴት ያለ ልብ እንደሚጠይቅ እስቲ አስበው። ስንቱ ሹመኛ ጥላውን እያየ በሚደነብርበት ዘመን!

ርዕሱ የቄሣር ነው፤ ቄሣር ግን ከአምስቱ ገቢሮች በሦስተኛው መጀመሪያ ላይ ሞቶ ያርፋል። የምተርክልህ ስለ ብሩተስ ነው። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 44 ዓመት ነው። ሮም ነገሥታቷን አባርራ ያለ ንጉሥ መኖር ከጀመረች ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ያባረረላትም የብሩተስ ቅድመ አያት ነው ይባላል። አሁን ቄሣር ተቀናቃኞቹን ድል ነስቶ ከሁሉ በላይ ሆኗል። በአንድ በዓል ላይ ወዳጁ አንቶኒ ሦስት ጊዜ ዘውድ አቀረበለት፤ ቄሣርም ሦስቴ መለሰው፤ ያየው ካስካ እንደሚያወራው ግን እየቆየ ሲሄድ እጁ ከዘውዱ መላቀቅ እያቃተው ነበር። ሮማውያን መስጋታቸው ያለ ነገር አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ፣ የናንተም ሊቀመንበር ንጹሕ ነው እያልኩህ እንዳይመስልህ ነው።

ብሩተስ የቄሣር ወዳጅ ነው። በታሪኩ እንደተጻፈው ቀድሞ ከቄሣር ጠላት ከፖምፔይ ጎን ተሰልፎ ወግቶት፣ ሲሸነፍ ቄሣር ምሮት፣ ሾሞት ነበር። ገንዘብ የማያታልለው፣ ሹመት የማያጓጓው፣ ቃሉን የሚያከብር ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው በምን ትይዘዋለህ? ቄሣርን ለመግደል የሚያሴረው ካሲየስ መያዣውን ያውቅ ነበር፤ በጨዋነቱ ያዘው።

ካሲየስን አስተውለው። ሮምን ይወድ ይሆናል፣ አልክድም። ነገር ግን ስለ ነፃነት ሊያወራ በጀመረበት አፍ ወዲያው የሚያወራው ምንድን ነው? አንድ ብርዳም ቀን ከቄሣር ጋር ቲበር ወንዝ ላይ ዋና ተወዳድረው ቄሣር ሊሰጥም ሲል አውጣኝ ብሎ እንደጮኸ፣ እሱም ተሸክሞ እንዳወጣው። ከዚያ ደግሞ ስፔን ሳሉ ቄሣር ንዳድ ይዞት ሲንቀጠቀጥ እንዳየው። ይህ ስለ ሕግ አይደለም። «እኔ ያዳንኩት ሰው እንዴት በላዬ ይቀመጣል» ነው። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው፤ ሳሉ አፍኖት እያለ ነው ስለ ሀገር የሚሰብከው። አንተም ጋ የመጡት ሰዎች ስለ ማኅበሩ ሕግ ሲያወሩህ ቆይተው በመሃል «እኔን አንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ አዋርዶኛል» ካሉህ፣ ሳሉን ሰማኸው ማለት ነው።

ካሲየስ ስለ ቄሣር ካወራው ይልቅ ልብ የሚባለው ስለ ብሩተስ ያወራው ነው። ራስህን የምታይበት መስታወት ልሁንህ በሚል ነው የጀመረው። የሮም ታላላቅ ሰዎች ስላንተ እንዲህ ይላሉ፣ ያንን የመሰለ ቅድመ አያት ነበረህ፣ ስምህ ከቄሣር ስም በምን ያንሳል፣ ይለዋል። ሰውየው የገዛ ምስሉን እያየ ልቡ ሞቀ። ከተለያዩ በኋላ ካሲየስ ብቻውን ቀርቶ የሚናገረውን ከተውኔቱ ሁሉ አብልጬ እፈራዋለሁ፦ የከበረ ብረትም እንደሚጣመም፣ ራሱ በብሩተስ ቦታ ቢሆን ኖሮ በእንዲህ ያለ ወሬ እንደማይሸነፍ ለራሱ ይናገራል። አየህ፣ ያመሰገነህ ሰው ዞር ሲል ንቆሃል።

ከዚያ ደብዳቤዎቹ መጡ። ካሲየስ ብዙ ሰው የጻፈ እንዲመስል በተለያየ የእጅ ጽሕፈት አዘጋጃቸው። ከሴረኞቹ አንዱን፣ ሲናን፣ ጠርቶ አንዱን ብሩተስ ከሚቀመጥበት የዳኝነት ወንበር ላይ እንዲያኖር፣ አንዱን በመስኮቱ እንዲወረውር፣ አንዱን ደግሞ በቅድመ አያቱ ሐውልት ላይ በሰም እንዲለጥፍ ላከው። ብልሃቱን ተመልከት! ሥራውን፣ ቤቱን፣ ዘሩን፣ ሦስቱንም ነካለት። አብሯቸው የሚያሴረው ካስካ ደግሞ በዚያው ሌሊት የነገሩን ሆድ ዕቃ ዘርግፎ ይናገራል፤ ብሩተስ በሕዝቡ ልብ ከፍ ያለ ቦታ አለው፣ እኛ ብናደርገው ወንጀል የሚባለውን የእሱ ፊት ጽድቅ ያስመስልልናል ይላል። «ያንተ ስም ካለበት ማንም አይጠራጠርም» ማለት ይኸው ነው፤ ብሩተስን ለጉልበቱ አልፈለጉትም፣ ፊቱን ሊለብሱት ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል ሰምተሃል፤ እኔ በሽምግልናዬ ያየሁት ግን ከጨዋም ደጃፍ እንደሚቆረጥ ነው፣ ጨዋው ራሱ መጥረቢያውን እያቀበለ።

የዚያችን ሌሊት ነገር ቀረብ ብለህ እይልኝ። ብሩተስ እንቅልፍ አጥቶ አትክልቱ መሃል ይንጎራደዳል። ሉሲየስ የሚባል ብላቴና አገልጋይ አለው፤ በማንበቢያ ክፍሉ ሻማ እንዲያበራ ይልከዋል። ልጁ የእሳት ድንጋይ መስኮቱ ላይ ሲፈልግ የታሸገ ወረቀት ያገኛል፤ ልተኛ ስሄድ እዚያ አልነበረም እያለ ያመጣለታል። ሰማዩ በዚያች ሌሊት ተወርዋሪ እሳት ሞልቶበታል፤ ብሩተስ ወረቀቱን የሚያነበው በዚያ ብርሃን ነው። ጽሑፉ ደግሞ የተሟላ አይደለም። ተነሥ፣ ተናገር፣ ምታ ይልና ስለ ሮም አንድ ጥያቄ ጀምሮ ይቆርጠዋል። የቀረውን ማን ሞላው? ብሩተስ ራሱ! ጮክ ብሎ፣ ሮም በአንድ ሰው ሥር ልትወድቅ ነው ወይ በሚል ገጠመው፤ ቅድመ አያቱን አነሣ፤ ለሮምም ቃል ገባላት። ካሲየስ ግማሹን ጻፈ፣ ግማሹን የብሩተስ ክብር ጻፈው። ስም የሌለው ወረቀት፣ ማን እንደጀመረው የማይታወቅ ወሬ፣ «ሰው ሁሉ እንዲህ እያለ ነው» የሚል ስልክ ሲደርስህ ባዶውን ቦታ አንተ እንዳትሞላላቸው።

ደግሞ ልብ በል፣ ደብዳቤው ሳይመጣ በፊት ብሩተስ ብቻውን ሲያወራ የጀመረው ከፍርዱ ነው፤ ይሙት አለና ከዚያ ምክንያት ይፈልግ ጀመር። በግሌ የበደለኝ ነገር የለም ይላል። ስሜቱ ከአእምሮው በልጦ ሲያስተው አላየሁም ይላል። ታዲያ ምን አደረገ? ገና ምንም አላደረገም፤ ዘውድ ከደፋ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ገና ከዕንቁላሉ እንዳልወጣ እባብ ቆጥረን እንግደለው። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ያለችው አህያ ይህን ብትሰማ ምን ትል ነበር? እኔ ስንት ጉዳይ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ «አድርጓል» እና «ሊያደርግ ይችላል» በአንድ ወረቀት ላይ ተደባልቀው ሲመጡ ወረቀቱን ለባለቤቱ መልሼ ለየብቻ ጽፈህ አምጣ እላለሁ። ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን ይዞ የሚመጣ የለም።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ቄሣር በሕይወት ሳለ ብሩተስ በተውኔቱ ውስጥ እሱን በቀጥታ የሚያናግረው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። በመጀመሪያው፣ በሕዝቡ መሃል የቆመ ጠንቋይ መጋቢት አጋማሽን ተጠንቀቅ እያለህ ነው ብሎ መልእክት ያቀብለዋል፤ አየህ፣ ማስጠንቀቂያው በገዳዩ አፍ ነው የደረሰው። በሁለተኛው፣ በመገደያው ቀን ማለዳ ሊያጅበው ቤቱ ሄዶ፣ ቄሣር ሰዓት ቢጠይቀው ሰዓቱን ይነግረዋል። (ሮም የሚደውል ሰዓት አልነበራትም፤ ሼክስፒር እንዲህ ያለውን ነገር ከጉዳይ አይጥፈውም።) በሦስተኛው፣ በመግደያው ቦታ እጁን እየሳመ የአንድ ስደተኛ ሰው ጉዳይ ይለምነዋል፤ ልመናውም ለመክበቢያ የተዘጋጀ ሰበብ ነው። በቃ። «ወዳጄ፣ ዘውዱን ስትመልስ እጅህ ከብዶ አየሁት፣ ፈራሁህ» የሚል አንዲት ቃል ከዳር እስከ ዳር ብትፈልግ አታገኝም።

ለምን? ፈሪ ስለሆነ አይደለም፤ ጦርነት ላይ አይተነዋል። ቢነግረው ቄሣር ይሰማው ነበር ወይ ብትለኝ፣ ላይሰማውም ይችላል፤ ኩሩ ሰው ነበር። ነገር ግን ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚለው ተረት ሁለት ጊዜ «ምከረው» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ነው መከራውን የሚጠራው። ብሩተስ አንዴም ሳይመክር መከራውን ራሱ ይዞ ሄደ። በእኛ ደንብ ወንድምህ ቢያጠፋ ብቻውን ትነግረዋለህ፤ ካልሰማ ሁለት ሦስት ሽማግሌ ትወስዳለህ፤ ካልሆነ ወደ ጉባኤ። ብሩተስ ከመጨረሻው በላይ ካለው ጀመረ። ያችን ማለዳ ቄሣር ሊያጅቡት የመጡትን ሁሉ በወዳጅነት ገብተን ወይን እንቅመስ ብሎ ጋበዛቸው። ብሩተስ ለራሱ ያንሾካሹካል፤ ወዳጅ መምሰልና ወዳጅ መሆን አንድ እንዳልሆነ እያሰበ ልቡ ይደማል። ልቡ ነግሮታል ማለት ነው። ሆኖም ሄደ።

ለሚስቱም በጊዜው አልነገራትም። ፖርሺያ ተንበርክካ፣ ቆራጥነቷን ልታሳየው ጭኗን በገዛ እጇ አቁስላ፣ ምን እንደከበደህ አካፍለኝ ብላ ስትለምነው በር ሲንኳኳ በኋላ እነግርሻለሁ ብሎ ቀጠሮ ሰጣት። የመጡብህን ሰዎች ጉዳይ ለባለቤትህ ነግረሃታል? ለኔ ከጻፍክልኝ መልእክት ውስጥ የእሷ ሐሳብ የለም፤ ሳትነግራት የቀረኸው አፍረህ ነው ብዬ ጠርጥሬአለሁ።

አንዴ ከገባበት በኋላ የሆነውን ደግሞ ስማ፤ ይህኛው ስለ መልካም ስም ሌላ ጉድ ያሳይሃል። ሴረኞቹ ታዋቂውን ተናጋሪ ሲሴሮን እንጨምር አሉ፤ ብሩተስ አይሆንም አለ፤ ሁሉም እሺ። እንማማል አሉ፤ የሮማዊ ቃል ይበቃል አለ፤ እሺ። ካሲየስ አንቶኒም አብሮ ይሙት አለ፤ ብሩተስ ከመጠን ያለፈ ደም ነው፣ አንቶኒ ያለ ቄሣር ምንም አይደለም አለ፤ እሺ። ሰው ይግደሉ ብዬ አይደለም፤ ነገር ግን ካሲየስ ሰውን የሚያውቅ ሰው ነበር፣ በእያንዳንዷ ጉዳይ የሚሆነውን አስቀድሞ አይቶታል፤ በእያንዳንዷም ለብሩተስ አንገቱን ደፋ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉ የለ፣ አብረው አንበሳውን ጣሉት፤ ከዚያ በኋላ ግን ማበራቸው የአንድ ሰው ቃል መስማት ብቻ ሆነ። ስሙ የከበረ ሰው ሲሳሳት የሚመልሰው የለም። ካንተ ጋር የቆሙት ሰዎች አንዴ ስምህን አናት ላይ ካስቀመጡት በኋላ ብትሳሳት እንኳ አይነግሩህም።

ከሁሉ የባሰው የቀብሩ ነገር ነው። አንቶኒ በሬሳው ላይ ልናገር ብሎ ጠየቀ። ካሲየስ ብሩተስን ወደ ጎን ስቦ አይሆንም አለው። ብሩተስ ግን እኔ ቀድሜ እናገራለሁ፣ እሱ እኛን ሳይነቅፍ በእኛ ፈቃድ ይናገራል አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ብሩተስ ወጣና ቀጥ ባለ፣ በተመጣጠነ ቋንቋ ምክንያቱን አስረዳ፤ ቄሣርን እወደው ነበር፣ ሮምን አብልጬ ወደድኩ ነው ነገሩ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አጨብጭቦም ምን አለ መሰለህ? ሐውልት ይቁምለት፣ እሱ ራሱ ቄሣር ይሁን! ለነፃነት ሲል ወዳጁን የገደለ ሰው ጆሮው ላይ ይህ ሲጮህበት ምን ተሰማው? ሼክስፒር አይነግረንም። ከዚያ ብሩተስ ለኔ ስትሉ ቆማችሁ አንቶኒን አድምጡት ብሎ ሕዝቡን ለምኖ ብቻውን ወጥቶ ሄደ። ሜዳውን ለባለጋራው አስረክቦ!

አንቶኒ ዕድሉን አላባከነም። አለቀሰ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ ልቅሶው የውሸት አልነበረም። እያለቀሰ ግን ሥራውን ይሠራ ነበር። ገዳዮቹ የተከበሩ ሰዎች ናቸው እያለ ደጋግሞ ሲያወድሳቸው ውዳሴው ቀስ በቀስ ስድብ ሆነ። የቄሣርን ኑዛዜ አወጣና አላነበውም አለ፤ ሰው እስኪጮህበት አስጎመጀው። ከዚያ ወርዶ የቄሣርን ካባ ገልጦ ቀዳዳዎቹን በጣቱ እየነካ ይቺ የካሲየስ ናት፣ ይቺ የካስካ፣ ይቺ የብሩተስ ናት አለ። ሲገድሉት እኮ አንቶኒ እዚያ አልነበረም፤ ከሴረኞቹ አንዱ ትሬቦኒየስ ሆን ብሎ ዞር አድርጎት ነበር። የትኛው ቀዳዳ የማን እንደሆነ በምን አወቀ? የጠየቀው ግን የለም። በመጨረሻ ኑዛዜው ተነበበ፤ ለእያንዳንዱ የሮም ሰው 75 ድራክማ፣ ቲበር ወንዝ ዳር ያለው አትክልት ለሕዝብ መናፈሻ። ቅድም ብሩተስን ቄሣር ይሁን ያለው ሕዝብ ቤቱን ሊያቃጥል ችቦ ፈለገ። መንገድ ላይ ያገኙትን ሲና የተባለ ገጣሚ ደብዳቤ አድራሹ ሲና መስሏቸው ያዙት፤ እኔ ገጣሚው ነኝ ሲላቸው ለመጥፎ ግጥሙ ይገነጣጠል አሉ። በዚህ ቦታ ሰው ይስቃል፤ እኔ አልስቅም። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል ሞኝ ይልሳል ነው። በአገራችንም በስሙ ብቻ ስንቱ ተቀጥቅጧል።

ከዚያ በኋላ ያለው ስደትና ጦርነት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርልህ። ሰርዴስ፣ በዮሐንስ ራእይ ስሟን የምታውቃት ከተማ፣ በጦር ድንኳን ውስጥ ብሩተስና ካሲየስ ተጣሉ። ብሩተስ ካሲየስን ጉቦ ትበላለህ፣ ሹመት ትሸጣለህ፣ ፍትሕን ያህል ነገር ይዘን ተነሥተን እጃችንን እናቆሽሻለን ወይ ብሎ ሰደበው። ስድቡ እውነት ይሁን። ወዲያው ግን ምን ይለዋል? ለሠራዊቴ የሚከፈል ወርቅ ላክልኝ ብልህ ከለከልከኝ፤ እኔ እንደሆነ ከድሃ ገበሬ እጅ አጭበርብሬ ገንዘብ መሰብሰብ አልችልም! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ካሲየስ ወርቁን ከየት እንደሚያመጣው ብሩተስ ያውቃል፤ እጁ ንጹሕ ሆኖ ከቆሻሻው እንዲከፈለው ይፈልጋል። ብሩተስን እወደዋለሁ፤ በዚህ ቦታ ግን ታዝቤዋለሁ። ስሙን ንጹሕ አድርጎ ለመጠበቅ የሚደክም ሰው አንዳንዴ ቆሻሻውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ መመልከት ብቻ ይቀረዋል።

ፖርሺያ በሐዘን ራሷን አጠፋች። ካሲየስ በፊልጵስዩስ ሜዳ፣ ጳውሎስ በኋላ መልእክት የጻፈላት ከተማ አጠገብ፣ ከሩቅ ያየውን ነገር ሽንፈት መስሎት በተወለደበት ቀን ሞተ። ብሩተስም ሰይፉን የሚይዝለት ሰው ለምኖ ሦስቱ እምቢ ብለውት አራተኛው ፊቱን አዙሮ ያዘለት። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 42 ነው። ከእነሱ መሞት ማን ተጠቀመ? የቄሣር የእህት ልጅ ልጅ የሆነው ወጣቱ ኦክታቪየስ ነዋ። በገና ወንጌል ዓለሙ ሁሉ እንዲጻፍ ትእዛዝ አወጣ የሚባለው አውግስጦስ ቄሣር ያ ልጅ ነው። አንድ ሰው ዘውድ እንዳይደፋ ብለው ገደሉ፤ ሮም በኋላ ለምዕተ ዓመታት ቄሣር ከቄሣር እየተቀባበላት ኖረች።

ብሩተስ ስሙን እንኳ ቢያተርፍ ይባል ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ የእሱ ስም ግን ከመቃብር በላይ ሁለት ሆኖ ዋለ። በተውኔቱ መጨረሻ አንቶኒ ሬሳው አጠገብ ቆሞ ከሴረኞቹ ሁሉ እሱ ብቻ ለሕዝብ ጥቅም ብሎ ያደረገ ሰው ነው ብሎ አመሰገነው፤ ሌሎቹን ያነሣሣቸው ቅናት ነው አለ። ጣሊያናዊው ዳንቴ ደግሞ ሼክስፒር ከመወለዱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ በሲኦል መጨረሻ ጥልቀት ከአስቆሮቱ ይሁዳ ጎን አስቀምጦታል፤ ካሲየስንም አብሮ። ወዳጁን የሸጠ ነው ብሎ። ከሁለቱ የትኛው ልክ ነው ብትለኝ፣ ሁለቱም ትክክል እንዳይሆኑ እፈራለሁ።

እንግዲህ የማዝህን ልንገርህ። ነገ ተነገ ወዲያ ሳትል ሊቀመንበሩ ዘንድ ብቻህን ሂድ፤ ቢሮው አይደለም፣ ቤቱ። የሰማኸውን በስምህ ንገረው፤ ወሬው ስለ ገንዘብ ከሆነ የሂሳቡን መዝገብ አሳየኝ በለው። ካሳየህ ታያለህ። ከተቆጣ ይቆጣ፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይዘህ ተመለስ፣ ካስፈለገም እኔ እመጣለሁ። ጥፋት ካለ ጉባኤ ፊት፣ እሱ በተቀመጠበት፣ ቁጥሩን ይዘህ ተናገር። ያኔ ብትፈርም ከጎንህ ነኝ፤ የቀድሞ ወዳጅነት ጥፋት መሸፈኛ አይደለም።

ወረቀቱን ያመጣልህን ሰው ደግሞ እንዲህ በለው፦ «ሐሳቡ ያንተ ስለሆነ አናት ላይ አንተ ፈርም፤ እኔ ተራ ቁጥር አምስት ወይም ስድስት ላይ እሆናለሁ።» ፊቱን እያየህ በለው። ከዚያ ደውልልኝ፤ ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።